የክብሪት ፋብሪካ የከፈቱት ቄስ

ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች መጻፍ ይወዳሉ፤ እኛ ግን ለድኾች የደከሙትን የአንድ እንግሊዛዊ ቄስ ታሪክ መረጥን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዊልያም ቡዝ በ1829 ዓ.ም. ኖቲንግሃም በተባለችው ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ስለ ከሰሩ ገና በ13 ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ ከሚያበድር ነጋዴ ዘንድ ሥራ እንዲለምዱ ተሰጡ። ወደዚያ ሱቅ የሚመጣው የቸገረው ነውና የድኽነትን ፊት ያወቁት በዚያ ቆመው ነው።

በ1858 ዓ.ም. ከሜቶዲስት ማኅበሮች በአንደኛው ቅስና ተቀበሉ። ነገር ግን እየተዘዋወሩ እንዲሰብኩ ስላልተፈቀደላቸው በ1861 ዓ.ም. ሹመቱን ተዉት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ካትሪንም ሰባኪ ነበሩና በዚህ አሳብ ከባላቸው አልተለዩም። ሁለቱም በ1865 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን ድኾች መካከል ሥራ ጀመሩ፤ ይህም ማኅበር በ1878 ዓ.ም. ሳልቬሽን አርሚ፣ ማለት የመዳን ሠራዊት ተባለ።

ከሥራቸው ሁሉ እኛን የገረመን የክብሪቱ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ፋብሪካዎች ክብሪት የሚሠሩት በነጭ ፎስፈረስ ነበር፤ ርካሽ ነውና። ትነቱ ግን በሠራተኞቹ ጥርስ በኩል እየገባ የመንጋጋቸውን አጥንት ያበሰብሰው ነበር። ከእነዚህም ሠራተኞች ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ልጃገረዶች ነበሩ። ጉዳት የማያደርሰው ቀይ ፎስፈረስ ቢታወቅም፣ ወጪው ስለሚበዛ ባለ ፋብሪካዎቹ አልወደዱትም። ቄስ ቡዝ በ1891 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን የራሳቸውን ፋብሪካ ከፍተው በቀዩ ብቻ አሠሩ፤ ደመወዙንም ከሌሎቹ አስበልጠው ከፈሉ። ክብሪቱ ውድ ስለ ነበረ ገበያው አልቀናም፤ ፋብሪካው በ1901 ዓ.ም. ተዘጋ። ሆኖም ሕዝቡ ነገሩን ዐውቆት ስለ ነበረ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ነጩን እየተዉ ሄዱ፤ በ1908 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ከለከለው። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ትርፍ ብንለው ማን ይቃወመናል?

ቄስ ቡዝ እንከን አልነበረባቸውም አንልም። ማኅበሩን እንደ ጦር ጄኔራል በትእዛዝ ይመሩት ነበርና ባሊንግተን የተባለው ልጃቸው እንኳ በ1896 ዓ.ም. ተለይቷቸው ሄደ። ወይዘሮ ካትሪንም ቀደም ብለው በ1890 ዓ.ም. በካንሰር ዐርፈው ነበር። እሳቸው ግን ዐይናቸው እየፈዘዘ እንኳ ከሥራቸው አልቦዘኑም። ነሐሴ 20 ቀን 1912 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ዐርፈው፣ በለንደን አብኒ ፓርክ ከባለቤታቸው ጎን ተቀበሩ።