የሕፃናትን ሞት ቀድሞ በመከላከል የታገሉት ሐኪም፡ ዶክተር ሣራ ጆሴፊን ቤከር

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ኒውዮርክ ከተማ፣ በተለይም ከአውሮፓ የፈለሱ ድሆች ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው መንደሮች፣ ሙቀት በሚያይልባቸው ወራት በርካታ ሕፃናት በተቅማጥ ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። ሕክምናው የሚደርሰው ሕፃኑ ከታመመ በኋላ በመሆኑ ሞቱን ሊገታው አልቻለም። ይህን አሠራር በመለወጥ ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣ የመንግሥት ሠራተኞች አንዷ ዶክተር ሣራ ጆሴፊን ቤከር ናቸው።

ዶክተር ቤከር እ.ኤ.አ. በ1873 በኒውዮርክ ግዛት ፖኪፕሲ ከተማ ተወለዱ። በ16 ዓመታቸው አባታቸው በታይፎይድ በሽታ በመሞታቸው ቤተሰባቸውን የሚረዱበት ሙያ ለመያዝ ሕክምና አጥንተው በ1898 ተመረቁ። ከግል ሕክምና የሚያገኙት ገቢ አነስተኛ ስለነበረም በ1901 በከተማው ጤና መምሪያ በተቆጣጣሪ ሐኪምነት መሥራት ጀመሩ።

በ1908 በጋ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኝ አንድ የድሆች መንደር ሙከራ አካሄዱ። የአዲስ ተወላጆች ስምና አድራሻ ከልደት መዝገብ በየዕለቱ እየተወሰደ 30 ነርሶች ወደየቤቱ እንዲሄዱ ተደረገ። ነርሶቹ እናቶችን ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ገላ እጥበት፣ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ሕፃናት አለባበስ አስተማሩ። በዚያ በጋ በመንደሩ የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በ1 ሺህ 200 ቀነሰ።

በዚያው ዓመት የከተማው የሕፃናት ጤና ቢሮ ተቋቁሞ ዶክተር ቤከር በኃላፊነት ተሾሙ። በሥራቸው የተመደቡት ስድስት ወንድ ሐኪሞች በሴት አንታዘዝም በማለት የሥራ መልቀቂያ ቢያቀርቡም፣ ለአንድ ወር ብቻ እንዲሞክሩ ተጠይቀው ሁሉም በሥራቸው ቀጥለዋል።

ቢሮው ንጹሕ ወተት የሚታደልባቸውና ሕፃናት የሚመረመሩባቸው ጣቢያዎችን ከፈተ፤ አዋላጆች ሠልጥነው በፈቃድ እንዲሠሩ አደረገ፤ ታናናሾቻቸውን ለሚያሳድጉ ልጃገረዶችም ስለ ሕፃናት አያያዝ ትምህርት ሰጠ። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ከዓይነ ሥውርነት የሚጠብቀው መድኃኒትም መጠኑ ሳይዛባ በአንድ ጊዜ ልክ በንብ ሰም ተሸፍኖ እንዲቀርብ ተደረገ።

ሥራው ተቃውሞም ገጥሞታል። የብሩክሊን ሐኪሞች ጤናማ ሕፃናት በመብዛታቸው ገበያቸው እንደቀዘቀዘ በመግለጽ ቢሮው እንዲዘጋ ለከንቲባው አቤት ብለው ነበር። ዶክተር ቤከር ግን አቤቱታውን የሥራቸው ውጤት ማረጋገጫ አድርገው ተቀብለውታል።

ሴቶችን የማይቀበለው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍል በመምህርነት ሲጋብዛቸውም፣ በተማሪነት እንዲቀበላቸው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው በ1917 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሕዝብ ጤና አገኙ።

በከተማዋ በ1908 በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 144ቱ ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ ዶክተር ቤከር በጡረታ በተሰናበቱበት በ1923 ቁጥሩ ወደ 66 ዝቅ ብሎ ነበር። የልደት መዝገብንና የነርሶችን የቤት ለቤት ጉብኝት አስተሳስረው የሕፃናትን ሕይወት የታደጉት እኚህ ሐኪም በ1945 በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።