ትምህርት ቤት የከፈቱት የሞንጎል ልዑል

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የሞንጎሉን ልዑል ጉንግሳንኖርቡን ይዘንላችሁ ቀርበናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉንግሳንኖርቡ በ1872 ገደማ በውስጥ ሞንጎሊያ፣ ካራቺን በሚባል ቦታ ተወለዱ። ያን ጊዜ ቻይናን የሚገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነበር። ቺንጎች ሞንጎሎችን ሆሹ በሚባሉ ግዛቶች ከፋፍለው ነው የሚያስተዳድሩት። የአንድ ሆሹ ገዢ ጃሳግ ይባላል። ጃሳግ ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል። ሲሞት ሥልጣኑ ለልጁ ያልፋል፤ ግን ቤጂንግ ያለው ንጉሠ ነገሥት ማጽደቅ አለበት። ተራው ሰው ደግሞ ከሆሹው ወጥቶ እንደ ልቡ ከብቱን ማሰማራት አይችልም።

በ1898 አባታቸው ሲሞቱ ጉንግሳንኖርቡ ጃሳግ ሆኑ። በ1902 ለወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወላጆች ግን ልጆቻቸውን መላክ ፈሩ። ታዲያ ልዑሉ ምን አደረጉ? ምግቡን በነጻ አደረጉት፤ ልጁን ላስተማረ ቤተሰብም ግዳጅ ቀነሱለት።

በ1903 ቤጂንግ ሳታውቅ በድብቅ ጃፓን ሄደው የኦሳካን ትልቅ ኤግዚቢሽን አዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ስትማር ማየት ብርቅ ነበር! ባለቤታቸውም በሥራው አገዟቸው። መምህርቷ ካዋሃራ ሚሳኮ የምትባል ጃፓናዊት ናት፤ ሒሳብ፣ መዝሙርና የእጅ ሥራ ታስተምራለች። የሚገርመው፣ በጎን ስለ ሩሲያ ጦር ለአገሯ በምስጢር ወሬ ትልክ ነበር። በ1906 ወደ አገሯ ስትመለስ ሦስት ሴት ተማሪዎች አብረዋት ለትምህርት ሄዱ።

ለኛ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ደስ የሚለው ደግሞ ልዑሉ ጋዜጣም ማሳተማቸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያው ከብት አርቢና ገበሬ ነው፤ ልዑሉ ዕዳ ውስጥም ገብተዋል። ይሄን ሳንናገር ብናልፍ ልክ አይሆንም።

በ1912 የቺንግ መንግሥት ወደቀ። አዲሱ ሪፐብሊክ የሞንጎል መኳንንትን ማዕረግ አልነጠቀም። ጉንግሳንኖርቡ ቤጂንግ ሄደው የሞንጎሊያና የቲቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1913 እዚያም ለሞንጎልና ለቲቤት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። 60 ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ።

በዚያ በቤጂንጉ ትምህርት ቤት ኡላንፉ የሚባል ልጅ ተምሯል። በ1947 የውስጥ ሞንጎሊያ ራስ ገዝ አስተዳደር ሲመሠረት መሪ የሆነው እሱ ነው። ኡላንፉ የልዑል ልጅ አልነበረም።