ዘር ሲሰበስብ ኖሮ በረሃብ የሞተው ሰው፦ ቫቪሎቭ፣ ሀገራችን እና የወሎ ማሽላ

መስከረም 21ን ለማክበር ግሸን የወጣችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። መኪናው የአምባሰልን ጠመዝማዛ እየተነፈሰ ሲወጣ ቆላው በኩል ያለው ሁሉ ማሽላ ነው። እኛም አንድ ዓመት ከተሳላሚው ጋር ስንጓዝ መኪናችን ቆመችና ወርደን ማሳ ዳር ተቀመጥን። ያኔ ነው ያስተዋልነው። በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው ማሽላ አንድ ዓይነት አይደለም! አንዱ ዘለላው የተበተነ፣ አንዱ እንደ ጡጫ የታጨቀ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ደግሞ አገዳው እንደ ስኳር የሚጣፍጥ ጥንቅሽ።

የማሳው ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ አባት፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አሳዩን። ከስሞቹ ውስጥ አንዱ ጭንቅላታችን ውስጥ ቀረ፦ ወተት በጉንጬ። ስሙ ብቻ ያስጎመጃል አይደል? ቤት ገብተን ስለዚህ ማሽላ ስንፈልግ ስንፈልግ መጨረሻችን የት ሆነ መሰላችሁ? አንድ ሩሲያዊ ሳይንቲስት የሞተበት እስር ቤት። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ እናወራለን። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ለንግድ ልብ አልነበረውም። ግብርና ተማረ፤ በ1911 ተመረቀ። ሩሲያ በዚያ ዘመን ረሃብ የማይለቃት ሀገር ነበረች። ገና የ4 ዓመት ልጅ እያለ በ1891 የተነሳው ረሃብ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል፤ በ1921 ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ የባሰ መጣ። ቫቪሎቭ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ጥያቄ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ድርቅን፣ ብርድን፣ በሽታን የሚችል እህል ከየት ይገኛል?

ለመልሱ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እዚያ ዊልያም ቤትሰን የሚባል ሊቅ ነበር፤ የዘር ውርስ ጥናትን ጄኔቲክስ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ቫቪሎቭ በ1913 እና 1914 ከእሱ ዘንድ ሰራ። ያኔ ትምህርቱ ገና ጨቅላ ነው። ዲኤንኤ ምን እንደሚመስል የታወቀው እንኳ በ1953 ነው፣ ከ40 ዓመት በኋላ።

እዚህ ጋር ትንሽ ቆም እንበልና ነገሩን እናስረዳ፤ ካለዚያ ቀጣዩ አይገባም።

ግሸን የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሐይቅንም ያያል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ የብራና መጻሕፍት የሚጻፉበት ቦታ ነው። ማተሚያ ቤት የለም፤ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው በእጅ ይገለበጣል። እንግዲህ ጸሐፊው እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት አንዲት ፊደል ሳተ እንበል። ከእሱ መጽሐፍ የሚገለብጠው ቀጣዩ ጸሐፊ ስህተቷንም አብሮ ይገለብጣል። ሦስተኛውም እንደዚያው። አንዳንዴ የሳታት ፊደል ምንም አትለውጥም፤ አንዳንዴ ቃሉን ታበላሻለች፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በአጋጣሚ ሌላ ትርጉም ያለው ቃል ይወጣል።

ጂንም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሕይወት ያለው ነገር በየሕዋሱ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ አለው፣ ፊደሎቹም 4 ብቻ ናቸው። ዘር ለመተካት መመሪያው ይገለበጣል። ሲገለበጥ የምትፈጠረው ለውጥ ሚውቴሽን ትባላለች። ቀይ ማሽላና ነጭ ማሽላን፣ ጥንቅሽንና ደረቅ አገዳን የሚለያቸው እንዲህ ያለ የፊደል ልዩነት ነው። ልብ በሉ፣ ለውጡን ማንም አላዘዘውም። ገበሬው ግን አየው፣ ወደደው፣ ለዘር አስቀመጠው። ከሺህ ዓመታት በኋላ ማሳው የስም መዝገብ ሆነ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ቫቪሎቭ በ1920 ሳራቶቭ በምትባል ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ትልቁን ሐሳቡን አቀረበ (ሳራቶቭን አትርሷት፣ ትመለሳለች)። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ዘመዳሞች የሆኑ ተክሎች የሚያሳዩት ልዩነትም ይመሳሰላል። የአጎት ልጆች አስቡ። በአንዱ ቤት ረጅምም አጭርም፣ ጠይምም ቀይም ካለ፣ በሌላውም ቤት ፈልጉ ይገኛል ነው ነገሩ። ለዳቦ በሚሆነው ስንዴ ላይ ጢም ያለውም የሌለውም ይታወቃል። ለፓስታ የሚሆነው ዱረም ስንዴ ግን የሚታወቀው ጢም ያለው ብቻ ነበር። እንደ ቫቪሎቭ ሐሳብ ከሆነ ጢም አልባ ዱረም የሆነ ቦታ መኖር አለበት።

የት ተገኘ? እኛ ጋ።

ቫቪሎቭ በ1927 መጀመሪያ ላይ በጅቡቲ በኩል በባቡር አዲስ አበባ ገባ። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ናቸው። ኮሚኒስት ከሚባል ሀገር የመጣ ሰው መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ግን ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፣ የጉዞ ፈቃድም አገኘ። ከዚያ በበቅሎ ጉዞ ተጀመረ። አንኮበርን አየ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ ከዚያ ጎንደር፣ አክሱም፣ እያለ በአስመራ ወጣ። በየገበያውና በየማሳው እየቆመ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ ምስር በየከረጢቱ ሞላ። የሰበሰበው ናሙና በሺህ የሚቆጠር ነው። እውነቱን ለመናገር ወደ አምባሰል አልመጣም፤ ጉዞው በጎጃም በኩል ነበር። ቢመጣ ኖሮ ብለን ማሰባችን ግን አልቀረም።

ጢም አልባው ዱረም ስንዴ በዚህ ጉዞ ተገኘ። ሰውየው ገና ሳያየው መኖር አለበት ያለውን ነገር የኛ ገበሬ ለስንት ዘመን ሲያበላበት ኖሯል ማለት ነው። ቫቪሎቭ ሰብሎች የተገኙባቸውን የዓለም ማዕከሎች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን አንዷ አድርጓታል። እዚህ ላይ ግን አንድ እርማት አለ። እሱ የልዩነቱን ብዛት አይቶ ገብስም ዱረምም መነሻቸው እዚህ ነው ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁለቱም መጀመሪያ የለመዱት መካከለኛው ምሥራቅ ውስጥ እንደሆነና እኛ ጋ መጥተው በዝተው እንደተለያዩ አሳይተዋል። ጤፍና ኑግ ግን የራሳችን ናቸው፣ አትጨነቁ።

እስካሁን ያለው ታሪክ የስኬት ይመስላል። ቫቪሎቭ በዓለም ዙሪያ ተዘዋውሮ በዘመኑ ትልቁን የዘር ክምችት ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ አቋቋመ። የሌኒን ሽልማት ተሸለመ። ከዚያ ትሮፊም ሊሴንኮ መጣ።

ሊሴንኮ ጂን የሚባል ነገር የለም፣ የቡርዣ ፈጠራ ነው ባይ ነው። ዘርን አርሶ በብርድ ካቆየኸው ባህሪው ይለወጣል፣ ለውጡንም ለልጅ ልጁ ያወርሳል አለ። ዘርን በብርድ ማቆየት ለዚያው ዓመት አዝመራ ሊጠቅም ይችላል፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ይወርሳል የሚለው ነው ችግሩ። ወሎ ውስጥ አንገታቸውንና ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ሞልተዋል። ከእነሱ ውስጥ ተነቅሶ የተወለደ ልጅ ያላት አለች? የለችም። ኑሮ ሰውነት ላይ የሚጽፈውና መመሪያው ላይ የተጻፈው የተለያየ ነው።

ስታሊን ግን ሊሴንኮን ወደደው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቫቪሎቭ የተሻለ ዘር ለማውጣት ዓመታት ያስፈልጋል ይላል፣ ሊሴንኮ ቶሎ ይደርሳል ይላል። የተራበ ሀገር ላይ የተቀመጠ አምባገነን የቱን ይመርጣል? ቫቪሎቭ በየስብሰባው ተዘለፈ፣ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ታሰሩ። ሐሳቡን ቢለውጥ ምናልባት ይተርፍ ነበር። አልለወጠም።

ነሐሴ 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ ዘር እየሰበሰበ ሳለ ያዙት። ለወራት ተመረመረ፤ በሰላይነትና ግብርናን ሆን ብሎ በማበላሸት ተከሰሰ። ሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደበት፣ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስር ተቀየረለት። የታሰረው ያቺ ሐሳቡን ለዓለም ያሰማባት ሳራቶቭ ነው። ጥር 26 ቀን 1943 በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ከሌሎች እስረኞች ጋር በመሆኑ አጥንቱ በትክክል የት እንዳረፈ አይታወቅም።

ግሸንን ለሚያውቅ ሰው እዚህ ጋር አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። ከታቦቱና ከግማደ መስቀሉ ሌላ አምባው በታሪክ የሚታወቀው በነገሥታት ልጆች እስር ነው። ከንጉሥ ዘር መወለድ ብቻውን ያሳስር ነበር፤ ኢማም አህመድ አምባውን እስከያዙበት 1540 ድረስ ስንቱ ልዑል እዚያ አርጅቷል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ለንግሥና የወጡት ከዚያው ነው ይባላል። እነሱን ያሳሰራቸው የወረሱት ነገር ነው። ቫቪሎቭን ያሳሰረው ስለ መውረስ ማስተማሩ ነው።

እሱ እስር ቤት እያለ የናዚ ጦር ሌኒንግራድን ከበበ። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቆየ። በከተማዋ በመቶ ሺዎች በረሃብ ሲያልቁ የቫቪሎቭ ተቋም ሠራተኞች በጆንያ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ድንችና ኦቾሎኒ መሃል ተቀምጠው ነበር። ከአይጥም፣ ከሌባም፣ ከራሳቸውም ጠበቁት። ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የሩዝ ባለሙያ ነበር፤ ሩዙን ሳይነካ በረሃብ ሞተ። አሌክሳንደር ሹኪን የኦቾሎኒ ባለሙያ፣ እሱም እንደዚያው። ሌሎችም ሞቱ። ከጠበቁት ክምችት ውስጥ ከኛ ሀገር የሄደ ዘርም አለበት።

ቫቪሎቭ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ የሶቭየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ወንድሙን የገደለውን መንግሥት እያገለገለ ማለት ነው፤ ይሄን እንዴት እንደቻለው እኛም አልገባንም። በ1948 ጄኔቲክስ በይፋ ተወገዘ። ቫቪሎቭ ነጻ ነው የተባለው በ1955 ነው፣ ስታሊን ከሞተ በኋላ። ዛሬ ተቋሙ በስሙ ይጠራል።

እሺ፣ ወተት በጉንጬስ?

ማሽላ ሆድ ይሞላል፣ ግን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። በ1973 አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲንግ እና ጆን አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲፈትሹ ላይሲናቸው ከፍ ያለ ሁለት ዓይነት አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ሁለቱም የወሎ። በተለመደው ማሽላ ከፕሮቲኑ ውስጥ ላይሲን ከመቶ 2 ገደማ ነው፤ በእነዚህ ከ3 በላይ። ምክንያቱ አንድ ጂን ላይ ያለ ሚውቴሽን ነው። ፍሬው ላይሲን የሌለውን ፕሮቲን ሲቀንስ ላይሲን ያለው ድርሻው ከፍ ይላል። የቫቪሎቭ መንገድ ማለት ይሄው ነው፤ የምትፈልገው ጂን አንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ አለ፣ ሂድና ፈልገው።

ዓመተ ምሕረቱን ግን ደግማችሁ እዩት። 1973። በኛ 1965 እና 66። የወሎን ጂን ሳይንስ ያወቀበት ዓመትና የወሎ ሰው በረሃብ ያለቀበት ዓመት አንድ ነው። ሰው ሲራብ ደግሞ ዘሩንም ይበላል፣ ሌላ ምን ያድርግ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ በጀርመን ድጋፍ የሀገራችን የዘር ባንክ አዲስ አበባ ተቋቋመ። በኋላ የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅም እንዲቆይ በመሥራታቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል።

ወተት በጉንጬ ዓለምን አልመገበም። ፍሬው ጨምደድ ያለና ቀላል ስለሆነ ምርቱ ያንሳል፤ ጂኑም ድብቅ ነው፣ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። ጎረቤት ካለው ማሽላ የአበባ ብናኝ ከደረሰው ያ ፍሬ ሌላውን መስሎ ይወጣል። ተመራማሪዎች ፍሬውን ጠንካራ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል፣ ገበያውን ግን አልያዘም።

የአምባሰሉ አባት ግን ለገበያ አይዘሩትም። ከሌላው ማሽላ መሃል ጣል ጣል ያደርጉታል፣ እሸቱ ሲደርስ ለቤተሰብ ይጠበሳል፣ ልጆች ይሻሙበታል። እኛ ስንደርስ ገና እየጠና ነበር፣ ለመጠበስ ሳምንታት ይቀሩት ነበር። ከመሃሉ ጥቂት ዘለላዎችን እየዳሰሱ አሳዩን። እነዚያ ለዘር የተመረጡ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ተበልቶ ቢያልቅ እንኳ እነሱ አገዳቸው ላይ እስኪደርቁ ማንም አይነካቸውም።