አይቶ መወሰን፤ የፍሎረንስ ናይቲንጌል አጭር የሕይወት ታሪክ

ብዙ ሰዎች አስታማሚ ማለት ሐኪም ያዘዘውን ብቻ የምትፈጽም ናት ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ሐኪሙ በሽተኛውን ጎብኝቶ ከሄደ በኋላ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ የምትቀረው እርስዋ ናት። ትኩሳቱ ሲጨምር ወይም ትንፋሹ ሲለወጥ ሐኪሙ አሁኑኑ ይጠራ ወይስ እስኪነጋ ይጠበቅ ብላ የምትወስነውም እርስዋው ናት። እንዲህ ያለው ውሳኔ በምን ላይ መመሥረት እንደሚገባው ያስተማረችውን የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎረንስ ከእንግሊዛውያን ሀብታሞች ቤተ ሰብ ሜይ 12 ቀን 1820 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር ተወለደች፤ ስምዋም የተወለደችበት ከተማ ስም ነው። አባትዋ ራሳቸው አስተማሯት፤ ከትምህርት ሁሉ ይልቅ ሒሳብን ትወድ ነበር። ገና በወጣትነትዋ ሕሙማንን ለመርዳት ቈረጠች። በዚያ ዘመን ግን ይህ ሥራ የተናቀ ስለ ነበረ ቤተ ሰቦችዋ ብዙ ዓመት ከለከሏት። በመጨረሻ በ1851 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካይዘርስቨርት ተማረች፤ በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአንዲት ትንሽ የሕሙማን ቤት ኃላፊ ሆነች።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ በክሪሚያ ከሩሲያ ጋር ይዋጉ ነበር። መንግሥት በጠየቃት ጊዜ 38 ሴቶች አስከትላ ከኢስታንቡል ማዶ በሚገኘው በስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ደረሰች። የጦሩ ሐኪሞች በደስታ አልተቀበሏትም። እርስዋም ከመጣላት ይልቅ አስታማሚዎችዋ በሐኪም ሳይጠሩ በሽተኛ እንዳይነኩ አዘዘች። ጥቂት ቀን ቈይቶ ቁስለኛ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ሐኪሞቹ ራሳቸው እርዳታዋን ፈለጉ። ስለዚህ መታገሥም አንድ ውሳኔ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ፍሎረንስ ወጥ ቤቱን አደራጀች፤ ልብስና አንሶላ አሳጠበች፤ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በሕሙማኑ መካከል ትመላለስ ነበር። ይሁን እንጂ ሞቱ አልቀነሰም። በፌብሩዋሪ 1855 ዓ.ም. ከመቶ ሕሙማን 42 ያህሉ ሞቱ። በማርች ወር ከለንደን የተላኩ የጤና ጥበቃ መርማሪዎች መጥተው ከሕንጻው ሥር የተደፈነውን የቆሻሻ ቦይ አስጠረጉ፤ ክፍሎቹም ንጹሕ አየር እንዲያገኙ አደረጉ። በጁን ወር የሟቾቹ ቍጥር ከመቶ ወደ 2 ያህል ወረደ።

ፍሎረንስ በመጀመሪያ ወታደሮቹን የገደላቸው በተለይ የምግብና የዕቃ እጦት ነው ትል ነበር። በ1856 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ከተመለሰች በኋላ ግን ዊሊያም ፋር ከተባለ የቍጥር ሊቅ ጋር ሆና የሟቾቹን መዝገብ መረመረች። ከጥይትና ከሰይፍ ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው ከቆሻሻና ከመጨናነቅ የመጣው በሽታ መሆኑን ቍጥሩ አሳየ። እርስዋም የቀድሞ አሳቧን ትታ መዝገቡ ያሳየውን ተቀበለች። በ1858 ዓ.ም. ይህንኑ ቀለም በተቀባ ሥዕል ገልጻ ባለ ሥልጣኖች የወታደሩን ሰፈርና ሆስፒታል እንዲያሻሽሉ ወተወተች።

በ1860 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ከፈተች። በጻፈችውም መጽሐፍ አስታማሚ የበሽተኛውን እንቅልፍ፣ መብልና የፊቱን መልክ ሳትታክት እንድትመለከት፣ ለሐኪሙም ግምትዋን ሳይሆን ያየችውን በትክክል እንድትነግር አስተማረች። ኦገስት 13 ቀን 1910 ዓ.ም. በ90 ዓመትዋ አረፈች። የተወለደችበት ቀን ዛሬ የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከእኛ ከተመራቂዎች መካከል ወደ ነርስነት ትምህርት ለመግባት የሚያስቡ አሉ። ርኅራኄ ለዚህ ሥራ የግድ ነው፤ ሆኖም ብቻውን አይበቃም። የፍሎረንስ ፋኖስ በዓለም ሁሉ ታውቋል፤ እኛ ግን መዝገብዋም ከፋኖስዋ ያላነሰ ሰው አድኗል እንላለን። ስለዚህ ያዩትን መጻፍ፣ የጻፉትን መመርመር፣ እውነቱ ሲገለጥም አሳብን መለወጥ ለነርስም ሆነ ለማናቸውም ተማሪ የሚገባ ልማድ ነው።