ጂሚ ሄንድሪክስ፦ ከብዙዎች ተበድሮ ማንንም ያልመሰለው ጊታሪስት

ጂሚ ሄንድሪክስን ለዓለም ያስተዋወቀው የመጀመሪያ ዘፈንም ሆነ በሀገሩ በአሜሪካ ከፍተኛውን ደረጃ ያስገኘለት ዘፈን የራሱ ድርሰቶች አልነበሩም። ያም ሆኖ በሃርድ ሮክ ታሪክ ውስጥ የራሱን ድምፅ የፈጠረ ሰው ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠራው የእርሱ ስም ነው።

ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤቱ ድህነት የጸናበት፣ ጠብም ያልተለየው ነበር። ወላጆቹ ተለያዩ፤ እናቱ በ1958 ስታርፍ እርሱ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያ መሣሪያው ከአባቱ ጋር የሰው ቤት ውዳቂ ሲያነሣ ያገኘው፣ አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ዩኩሌሌ ነበር። በዚያች ክር የሰማውን ዜማ በጆሮው እየተከተለ ተለማመደ። ቆይቶም በ5 ዶላር የተገዛ አሮጌ ጊታር እጁ ገባ። ግራኝ ስለነበር ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹንም እንደገና አደራጅቶ ይጫወት ነበር። ኖታ ማንበብ አልተማረም፤ መምህራኑ የመዲ ዋተርስ፣ የቢቢ ኪንግና የኤልሞር ጄምስ የብሉዝ ሸክላዎች ነበሩ።

በ1961 በተሰረቀ መኪና ተይዞ እስርና ውትድርና በተደቀኑበት ጊዜ ውትድርናን መረጠ። በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ሳለም ከቤዝ ተጫዋቹ ቢሊ ኮክስ ጋር ተዋወቀ። በ1962 ከሠራዊቱ ሲሰናበት ኑሮው መንገድ ላይ ሆነ። በዘር መድልዎ በተከፋፈሉት የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በጥቁሮች አዳራሾች እየዞረ አይስሊ ብራዘርስን፣ ሊትል ሪቻርድንና ሌሎችን አጀበ። የአጃቢ ክፍያ ጥቂት ነው፤ ከመሪው ድምፃዊ ልቆ መታየትም ነውር ነበር። እነዚያን ዓመታት እንደ ባከነ ዘመን የሚቆጥሩ አሉ፤ እውነቱ ግን ትምህርት ቤቱ ያ መድረክ መሆኑ ነው። ጊታርን ከራስ ጀርባ አዙሮ መጫወትን ከእርሱ ቀድሞ ቲቦን ዎከር አሳይቶታል። ኮርዶችን በትንንሽ ዜማ የማስጌጥን ጥበብ ደግሞ ከኩርቲስ ሜይፊልድ ቀስሟል፤ ሊትል ዊንግ የተሰኘውን ዘፈን የሰማ ይህን አይስተውም።

በ1966 የዘ አኒማልስ ቤዝ ተጫዋች ቻስ ቻንድለር ኒውዮርክ ውስጥ ሰምቶት ወደ ለንደን ወሰደው። እዚያም ከሁለት እንግሊዛውያን ጋር ዘ ጂሚ ሄንድሪክስ ኤክስፒሪያንስ ተመሠረተ፤ ሌሎች ቀድመው ባስቀረጹት ሄይ ጆም ለሕዝብ ቀረበ።

የመበደርና የመፍጠር ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር ላይ ነው። ቦብ ዲላን በ1967 ያወጣው ይህ ዘፈን በአኩስቲክ ጊታርና በሃርሞኒካ የታጀበ፣ ዝግ ያለ ሥራ ነበር። ሄንድሪክስ በ1968 በቃላቱ ውስጥ አድፍጦ የነበረውን ማዕበል በኤሌክትሪክ ጊታሩ አስነሣው፤ ዘፈኑም በአሜሪካ ሰንጠረዥ 20ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ዲላን ራሱ በመድረክ ሲጫወተው የሄንድሪክስን አካሄድ ተከትሏል። ተበዳሪ ለአበዳሪው መልሶ ሲያበድር እንዲህ ነው።

ከድምፅ ማጉያ የሚመለሰውን ጩኸትም ሌሎች ሞክረውታል፤ እርሱ ግን እንዳሻው እየገራ ዜማ አደረገው። ኦገስት 18 ቀን 1969 በውድስቶክ የሀገሩን ብሔራዊ መዝሙር ሲጫወት ጊታሩ የቦምብና የአውሮፕላን ድምፅ አሰማ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነበር፤ ተጫዋቹም የቀድሞ ወታደር።

ክብሩ ግን ጎዶሎ ነበር። አድማጩ በአብዛኛው ነጭ ወጣት ሲሆን፣ የጥቁሮች ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃውን እምብዛም አያሰሙም ነበር። ሥሩ በጥቁሮች ብሉዝ ለተተከለ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1969 ማብቂያ ከቀድሞ ጓዱ ከቢሊ ኮክስና ከከበሮ መቺው ባዲ ማይልስ ጋር ባንድ ኦፍ ጂፕሲስ የተሰኘ ቡድን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ ቡድኑ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ።

ሄንድሪክስ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ፣ ከወሰደው የእንቅልፍ ክኒን ጋር በተያያዘ በ27 ዓመቱ አረፈ። ኒውዮርክ ውስጥ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ከተመረቀ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1973፣ ገና ስም ያላወጡ አራት ሙዚቀኞች እዚያው ስቱዲዮ ገቡ፤ የሄንድሪክስን ሥራዎች ሲቀርጽ የነበረው ኤዲ ክሬመርም የሙከራ ቅጂያቸውን ሠራላቸው። የቡድናቸው ስም ኪስ ይባል ነበር።