ንጉሥ ሚካኤል፦ የደሴ ቆርቋሪና የአምባሰል አማች

ንጉሥ ሚካኤል በታሪክ ጽሑፎች አዘውትረው የሚነሡት የልጅ ኢያሱ አባትና የሰገሌ ተሸናፊ ሆነው ነው። ይህ አተያይ ከተማ የቆረቆሩትንና በጋብቻና በመሬት ሥልጣናቸውን ያደላደሉትን መስፍን ጋርዷቸዋል።

የተወለዱት በ1840ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን የቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ከወረሂመኖ ገዥ ቤተሰብ ነበሩ። ይህ ቤተሰብ የወሎን ደጋ ለትውልዶች በኢማምነት ማዕረግ ያስተዳደረ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ባካሄዱት ጉባኤ ማግሥት መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆኑላቸው፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ። ተቀናቃኛቸው አባ ዋጠውም በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። የእምነቱ ለውጥ ለራስ ሚካኤል ግዛታቸውን አጸናላቸው። ለብዙው የወሎ ሙስሊም ግን የመከራ ምክንያት ነበር፤ የሼህ ጦልሐ አመፅ ከዚያ የመነጨ ነው። የራስ ሚካኤል ሥልጣን በዚህ ቁስል ላይ የቆመ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

መቀመጫቸው ቀድሞ ተንታ ነበር። በ1880ዎቹ ግን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ አዞሩ። ቦታው ዐፄ ዮሐንስ ሰፍረውበት የነበረ ሲሆን፣ ደሴ የሚለውን ስም ያወጡለትም እርሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ምርጫው ብልህነት የተሞላበት ነው። ተንታ ለመከላከል የምትመች ደጋ ብትሆንም ከዋናው መንገድ የራቀች ናት። ደሴ በአንጻሩ ከሸዋ ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ መተላለፊያ ናት፤ በስተ ሰሜን በሐይቅ በኩል ወደ አምባሰልና ውጫሌ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ቆላው ታወጣለች። በዘመኑ ሠራዊት የሚኖረው በደመወዝ ሳይሆን በማደሪያ መሬት ነበር። ስለዚህ ገዥው በተቀመጠበት ሁሉ መኳንንቱና ወታደሩ መሬት እየተመሩ ይሰፍራሉ፤ የእህልና የከብት ገበያም ይከተላል። የደሴው ሰኞ ገበያ ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው። ራስ ሚካኤል መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንንና አይጠየፍ የተባለውን የግብር አዳራሽ አሠሩ። አዳራሹ ይህን ስም ያገኘው ትንሽ ትልቁ ሳይጠያየፍ በአንድ ማዕድ የሚስተናገድበት በመሆኑ ነው።

የአምባሰሉ ጉዳይ ከዚህ አይነጠልም። አምባሰል የጃንጥራሮች አገር ነው፤ ይህ ጥንታዊ ማዕረግ የግሸን አምባ ጠባቂነት ነበር። በአጠገቡም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። የወረሂመኖ ልጅ እንዲህ ባለ አገር በጉልበት ብቻ ተደላድሎ መግዛት አይሆንለትም ነበር። ራስ ሚካኤል ልጃቸውን ወይዘሮ ስኂንን ለጃንጥራር አስፋው ዳሩ፤ ከዚህ ጋብቻ በ1883 ዓ.ም. መነን አስፋው በአምባሰል ተወለዱ። ራስ ሚካኤል ራሳቸው የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ። በአድዋም የወሎን ፈረሰኛ መርተው ዘምተዋል።

በግንቦት 1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የልጃቸው ከሥልጣን መውረድ ግን ሁሉንም አፈረሰው። ለልጃቸው ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ገድለው ድል አደረጉ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ግን ተሸንፈው ተማረኩ። በ1910 ዓ.ም. ማብቂያ በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

የአምባሰሏ የልጅ ልጃቸው መነን በ1903 ዓ.ም. ያገቡት፣ ከኢያሱ ከሥልጣን መውረድ በኋላ አልጋ ወራሽ የሆኑትን ተፈሪ መኮንንን ነበር። አያታቸው በእስር ላይ በነበሩበት ጊዜ መነን የአልጋ ወራሹ ባለቤት ነበሩ፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በደሴም የእናታቸው የወይዘሮ ስኂን ስም ለከተማዋ ነባር ትምህርት ቤት መጠሪያ ሆኗል።