የደኑ ጠበቃ ቺኮ ሜንዴስ

ባለፈው ዓመት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ አማዞን ደን ሲያስረዱን የአንድ ሰው ስም አንሥተው አለፉ። ስሙ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁት። እነሆ ለጓደኞቼ፤ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ባጭሩ እጽፈዋለሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቺኮ ሜንዴስ ዲሴምበር 15 ቀን 1944 ዓ.ም. በብራዚል ምዕራባዊ ጠረፍ በአክሬ ግዛት፤ ሻፑሪ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የጎማ ዛፍ ቅርፊት እየበጣ ወተቱን የሚሰበስብ ድኻ ሠራተኛ ነበረ፤ ቺኮም ገና በልጅነቱ በዚሁ ሥራ ተሰማራ። ዛፉ በጥንቃቄ ከተበጣ አይሞትም፤ ለብዙ ዓመት ወተቱን ይሰጣል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ከደኑ ጋር ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

ኑሮአቸው ግን እስራት ነበረ። ሠራተኛው ጎማውን ለባለርስቱ ብቻ ይሸጣል፤ ምግቡንና ዕቃውንም ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይገዛል። በርስቱ ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አይፈቀድም፤ ማንበብና መቁጠር የማይችል ሰው ዕዳው ስንት እንደ ሆነ አያውቅምና። ቺኮን ማንበብ ያስተማረው ኤውክሊደስ ታቮራ የተባለ፤ ከመንግሥት ሸሽቶ በደኑ ውስጥ የተደበቀ ሰው ነው። መማሪያቸውም ጋዜጣ ነበረ።

እዚህ ላይ ስደርስ አያቴ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ፤ ሌላ ሰው ባነበበላቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። አንባቢው ቅን ባይሆን ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት የብራዚል ወታደራዊ መንግሥት የአማዞንን ምድር ለከብት ርቢ ከፈተው። ባለጠጎች ከሩቅ መጥተው መሬቱን ገዙ፤ ደኑንም በመጋዝና በእሳት ያጠፉት ጀመር። በውስጡ የሚኖሩት ቤተሰቦች ግን የመሬት ወረቀት ስላልነበራቸው እንደሌሉ ተቆጠሩ፤ አሳባቸውን የጠየቀ አልነበረም። ከ1976 ጀምሮ ሠራተኞቹ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ዛፍ ቆራጮቹ ፊት ያለ መሣሪያ እየቆሙ ሥራውን ማስቆም ያዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሆነ። መሪያቸው ዊልሰን ፒኔይሮ በ1980 በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲገደል ቺኮ ወደ ኋላ አላለም።

በ1985 የጎማ ሠራተኞች በዋናው ከተማ በብራዚሊያ ተሰብስበው አዲስ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም ደኑ የመንግሥት ሆኖ ማንም እንዳይሸጠው፤ ነዋሪዎቹም ሳያጠፉት ጎማውንና ለውዙን እየሰበሰቡ እንዲኖሩበት ነው። ቀድሞ ባላንጣ ከነበሩት ከደኑ ነባር ሕዝቦች ጋርም ቃል ኪዳን ገቡ። በ1987 ቺኮ እስከ አሜሪካ ተጉዞ፤ በአክሬ ለሚሠራው መንገድ ገንዘብ ያበደረው ባንክ የነዋሪዎቹን ድምፅ እንዲሰማ ተከራከረ፤ ባንኩም ክፍያውን ለጊዜው አገደ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሸለመው።

በአገሩ ግን ጠላቶቹ በዙ። ዲሴምበር 22 ቀን 1988፤ 44 ዓመት በሞላው በሳምንቱ፤ በቤቱ የጓሮ በር ላይ በጥይት ተገደለ። አንድ ከብት አርቢ ባለርስትና ልጁ በ1990 እያንዳንዳቸው 19 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ከ900,000 ሄክታር የሚበልጥ ደን በስሙ ተከለለ፤ ነዋሪዎቹም በዚያው ቀሩ። ሆኖም ከብት ርቢው ወደዚህ ክልል ጭምር እየገባ ስለ ሆነ ትግሉ አልቋል ማለት አይቻልም።

ከዚህ ታሪክ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። ቺኮ ትግሉን የጀመረው ለዛፍ አዝኖ ሳይሆን ለሰው ፍትሕ ፈልጎ ነው፤ ሰዎቹ መብታቸውን ሲያገኙ ግን ደኑም ጠባቂ አገኘ። ስለዚህ ደን እንዴት ይጠበቅ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፤ ወሳኙ ማን ነው፤ ያልተጠየቀውስ ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

እኔ አሁን ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ማንበብም ከቻልሁ ቆይቻለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ የአያቴ ጣት በወረቀት ላይ ከማረፉ በፊት፤ ወረቀቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማነብላቸው እኔ ነኝ።